«ግባ» ያላለችው ሴትዮ

ድምፁን ሳልዞር አወቅኩት።

መነፅር ቤቱ ውስጥ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መስታወት እየሞረድኩ ነበር። «እህቴ፣ ራቅ ያለ ነገር እየደበዘዘብኝ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» አለ አንድ ሰው። እጄ ማሽኑ ላይ ቆመ። ያን ድምፅ ሲስቅ አውቀዋለሁ፣ ሲያለቅስም አውቀዋለሁ፤ እንደ ጄኔራል ሲያዝ፣ እንደ አሮጊት ሲያስል፣ እንደ ውሻ ሲጮህ አውቀዋለሁ። ለዓመታት ስረግመው የኖርኩት ድምፅ ነው። ፊቱን ግን በቅርብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ዞርኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን ተኩሶ ቁልፉን አዛንፎ የቆለፈ ሰው ቆሟል። የዋህ ፊት ነበረው፤ ይሄም ራሱ አናደደኝ። ጠላት እንደዚህ ዓይነት ፊት ሊኖረው አይገባም።

«ይቀመጡ» አልኩት።

«ኧረ አንተ በይኝ፤ ያን ያህል አላረጀሁም።»

«ይቀመጡ አልኩ እኮ።»

ሳቀና ተቀመጠ። እኔ አልሳቅኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የተወጋሁት በእናቴ በኩል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ፊልም ቤት የባዕድ አገር ፊልም የሚታየው በተርጓሚ ነው። ተርጓሚው ከተመልካቹ ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ማይክ ይዞ ይቀመጣል፤ ፊልሙ እየሄደ የወንዱንም የሴቱንም የሕፃኑንም ንግግር ብቻውን በእኛ ቋንቋ ይናገራል። ይሄንን ሰውዬ ሁሉም ሺ አፍ ይለዋል። አፉ ሲከፈት አዳራሹ ይዘጋል፤ የሚያስል እንኳ የለም።

ልጅ ሆኜ እማዬ ወደዚያ አዳራሽ ወሰደችኝ። አባቴ ጥሎን ከሄደ ከርሞ ነበር። ፊልሙ ደግሞ ባሏ ጥሏት ስለሄደ ሴትዮ ነው። መጨረሻው ላይ ባልየው ዝናብ እየመታው ተመልሶ በሯን ያንኳኳል። ትከፍታለች፤ ዝም ብላ ታየዋለች፤ አንድ ነገር ትለዋለች፤ ከዚያ ካሜራው ወደ ሰማይ ይወጣና በሩ ሲዘጋ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ሺ አፍ በሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ግባ። ውጭ ይበርዳል። ቤቱ ያንተም ነው» አለ። አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ በራችንን አንኳኳ። እማዬ ከፈተችና፣ እኔ በጆሮዬ እየሰማሁ፣ «ግባ፤ ውጭ ይበርዳል፤ ቤቱ ያንተም ነው» አለችው። ገባ፤ ክረምቱን ተሞቀ፤ ዝናቡ ሲያባራ እማዬ የምትሰፋበትን መኪና ሳይቀር ጭኖ ሄደ። እማዬ ከዚያ በኋላ በእጇ መርፌ ስትሰፋ ኖረች። ያም ሆኖ «የዕድሜ ልክ ፊልምሽ የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቋት ያንኑ ትጠራለች።

እኔም እወደው ነበር፤ ምን ልዋሽ። ከመውደዴ የተነሳ የሴትዮዋን ቃል ከራሷ አፍ ልሰማ ብዬ ቋንቋዋን ተማርኩ። ሰማሁም። «ግባ» አላለችም። «ሂድ። ያኔ በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ፤ ዛሬ የምዘጋው እኔ ነኝ» ነው ያለችው።

ያን ቀን ደም ስሬ ተገታተረ። የእናቴን በር ያስከፈተው የሺ አፍ ውሸት ነው አልኩ፤ በዓይኔ ባየው ምን እንደማደርገው አውቃለሁ ብዬም ማልኩ። አሁን ደግሞ ይሄው እግሩ አመጣው፤ ያውም አባቴ በአክስቴ በኩል «አርጅቻለሁ፤ ልመለስ» ብሎ ከላከ በኋላ። እማዬ መልስ አልሰጠችም። የበሩን ማጠፊያ ግን ዘይት ቀባችው። ገና ሳይነካ ጭጭ ብሎ የሚከፈተውን በር ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

የሺ አፍን ዓይን ለካሁ፤ መነፅሩን ሠራሁ። ሳስረክበው በቀኝ በኩል ያለችውን ትንሿን ብሎን ሆን ብዬ አላላኋት። ትንሽ በቀል ናት፤ ለጀማሪ ግን መጥፎ አይደለችም።

ወዲያው ተመለሰ። «ትናንት ጀግናውና ሽፍታው ሽጉጥ ሲማዘዙ መነፅሬ ወለቀ» አለኝ። «ማን ማንን እንደመታ ስላላየሁ ሁለቱንም ገደልኳቸው። ለካ ጀግናው ድኗል! ሕዝቡ የሞተ ሰው ተነስቶ ሲሄድ አይቶ ሊበላኝ ነበር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ፊቴን ወደ መሳቢያው አዙሬ ካቻቪቴ የምፈልግ መሰልኩ። ቀኙን አጠበቅኩና ግራውን አላላሁት።

እንደገና መጣ፤ እንደገና አላላሁለት። በመጣ ቁጥር ትንሽ ይቆያል። አንዳንዴ አያወራም፤ መነፅሩ እጄ ላይ እያለ፣ በማያይበት ዓይኑ ወደ እኔ ያያል። ያ ዝምታ ከወሬው ይበልጥ ያሰጋኝ ነበር። «አንተ» ማለት መቼ እንደጀመርኩ አላስታውስም።

አንድ ቀን «ያንተ የዕድሜ ልክ ፊልም የቱ ነው?» አልኩት።

«ንግግር የሌለው አንድ ፊልም አለ። አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ግድግዳ ቀለም ይቀባሉ፤ በቃ፤ ሌላ ነገር የለውም።»

«ይሄ ደግሞ ምኑ ይወደዳል?»

«ማንም አፌን አይፈልግማ! እንደ ሰው ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ሴትየዋ ቀለም አፍንጫው ላይ ስትቀባው እስቃለሁ፤ ለማንም ማስረዳት የለብኝም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ዘንድ ስቀመጥም እንደዚያ ይሰማኛል» አለ።

ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ። ልቤ የት እንደሄደች ገብቶኝ «ተይ» አልኳት፤ «ይሄ ሰውዬ የእናትሽን ቤት ያፈረሰ ነው» አልኳት። ልብ መች ምክር ይሰማል። ስለዚህ በቀሌን ሳልወደው በፊት ልጨርስ ብዬ ቸኮልኩ። ዘግይቼ ነበር፤ ግን ለራሴም አላመንኩም።

ፊልም ቤቱ እሁድ ከሰዓት አንድ ልማድ አለው። ከተመልካቹ መካከል ተራ የደረሰው ሰው የዕድሜ ልክ ፊልሙን ይመርጣል፤ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ግን ወደፊት ወጥቶ ለምን እንደሚወደው መናገር አለበት። ምክንያት የሌለው አይመርጥም። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የጦርነት ፊልም መርጦ «ሰውየው ከገደል ወድቆ፣ ወንዝ ወስዶት፣ ፀጉሩ አልተንጨባረረም፤ ያን አስተካካይ ባገኘው እግሩ ላይ እወድቃለሁ» ብሏል። ጡረታ የወጣች ነርስ አንድ የሚያስቅ ፊልም መርጣ «ባለቤቴ ታሞ እያለ የሳቀው በዚህ ብቻ ነው» ብላ ተቀምጣለች፤ ያን ቀን በአስቂኝ ፊልም ሰው ሁሉ አነባ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ለሺ አፍ የፊልሙን ስም ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«እሱን አልተረጉምም» አለ።

«ለምን?»

«ዲስኩ ተጭሯል።»

«እኔ ያልተጫረ አለኝ።»

መነፅሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። «ለጠየቀኝ ሁሉ እምቢ ብያለሁ። ሌላ ምረጪ፣ እባክሽ።»

«ለእኔም እምቢ ትላለህ?»

መነፅሩን መልሶ አደረገ። «ላንቺ አልልም» አለ በመጨረሻ። አሸነፍኩ።

እሁድ እማዬን የሚያምር ቀሚሷን አልብሼ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ወደፊት ወጣሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ከኋላ የፊልም ማሳያው ብርሃን ስለሚያጥበረብር የሺ አፍ ጥላ እንጂ ፊቱ አይታየኝም።

«ይሄ ፊልም የኔ ሳይሆን የእናቴ ነው» አልኩ። «መጨረሻውን ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን የፊልሙን ቋንቋ ተምሬያለሁ። ስለዚህ ተርጓሚያችንን አንድ ነገር እለምነዋለሁ፤ ዛሬ ሴትዮዋ ያለችውን፣ ያለችውን ብቻ ይንገረን። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።»

ሰው ተያየ። መብራት ጠፋ። ሺ አፍ ሙሉውን ፊልም አሳምሮ ተረጎመ፤ ድምፁ አንዴም አልተሰበረም። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ሰውየው አንኳኳ፤ ሴትዮዋ ከፈተች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

ማይኩ ዝም አለ። በሩ ሲዘጋ የሰማነው በዝምታ ነው። ከኋላ አንዱ አፏጨ። «ግባ በላ! ምን ነካህ?» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ።

«ግባ አላለችም» አለ ሺ አፍ። የሴት ድምፅ አላወጣም፤ የገዛ ራሱ ድምፅ ነበር። «ሂድ ነው ያለችው። ያኔ በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ፤ ዛሬ የምዘጋው እኔ ነኝ ነው ያለችው። ያኔ የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ተናወጠ። «ሚስቴን የታረቅኳት በዚህ ፊልም ነው! አሁን ምን ብዬ ልግባ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። አንዷ «ስንት ዓመት አስለቅሰኸን!» ትላለች። የፊልም ቤቱ ባለቤት፣ ቆፍጣና ሴት ናቸው፣ ወደ ኋላ ሄደው «ማይኩን አስቀምጥ። ከእንግዲህ እዚያ ወንበር ላይ እንዳላይህ» አሉት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ልናገር፤ ጠጣ። ራሱን ደፍቶ በወንበሮቹ መካከል ሲመጣ ቀና ብዬ ጠበቅኩት፤ ለእናቴም ለመርፌዋም ብዬ።

አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። መነፅሩ አፍንጫው ላይ ተንሸራቷል።

«ብሎኗን እያወቅሽ እንደምታላያት ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «እንድመለስ ፈልገሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ወጥቶ ሄደ። የጠጣሁት ቅቤ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ ከእኔ ፊት ፊት ትራመዳለች። እኔ ግን ማሸነፌን ሰው እንዲነግረኝ ፈልጌ ነበር።

«ሰማሽ አይደል፣ እማዬ? ሂድ ነው ያለችው። አባዬ ሲመጣ...»

«እኔ እኮ አውቅ ነበር» አለች።

ቆምኩ። «ምኑን?»

«ግባ እንዳላለች። ልጄ፣ እኔ ጆሮዬን ለተርጓሚው ሰጥቼ ዓይኔን ለሴትዮዋ ነበር የሰጠሁት። እንደዚያ የምታይ ሴት ግባ አትልም።»

«ታዲያ ለምን አስገባሽው?»

«ስለምወደው ነዋ!» ብላ ተቆጣች፤ እኔን ይሁን ራሷን አላወቅኩም። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንዳታስገቢው ይለኛል። እወደዋለሁ ብል መሳቂያ ልሆን። በፊልሙ አሳበብኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው የኔ ነገር። ያ ልጅ ምን አደረገ? እኔ የፈለግኩትን ነው ያለልኝ።»

«ታዲያ ውሸት የሆነ ፊልም ምን አድርጎልሽ ነው የምትወጂው?»

ትንሽ ተራመደች። «ሴትዮዋ በዓይኗ ሂድ ትላለች፤ ልጁ ደግሞ በአፉ ግባ ይላል። ሁለቱም እኔን ነበር የሚመስሉት። እንደዚያ አድርጎ የገለጠኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ደግሞ ድምፁን አልሰማሽውም? ይንቀጠቀጥ ነበር። የዚያን ጊዜ ሺ አፍ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። ያን ሰውዬ ቤት ሲያስገባ የራሱን ሰው ነበር የሚያስገባው።»

በቀሌን ተሸክሜ የሰው ቤት ተሳስቼ ገብቼ ኖሯል። ተናደድኩ፤ በእማዬም፣ በራሴም፣ ሁሉን እያወቀ መነፅሩን ይዞ ሲመላለስ በነበረው በዚያ ሰውዬም።

ሺ አፍ መነፅር ቤት መምጣት አቆመ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሳልዞር ድምፅ እጠብቃለሁ፤ የሌላ ሰው ድምፅ ይሆንብኛል። ፊልም ቤቱ አዲስ ተርጓሚ አመጣ፤ ሴቶቹ ሁሉ በእሱ አፍ እንደ ዘበኛ ነው የሚያወሩት አሉ። እኔ አልሄድኩም።

አንድ ከሰዓት አባቴ አንኳኳ።

እማዬ ስፌቷን አስቀምጣ ተነሳች። እኔ ጥርሴን ነክሼ ግድግዳው ጋ ቆምኩ። በሩ ጭጭ ብሎ ተከፈተ። አባቴ ፀጉሩ ነጥቷል፤ ትንሽ ሻንጣ ይዟል።

«የልጄ እናት» አለ፤ «መጣሁ።»

እማዬ አየችው። ያ የፊልሙ ዝምታ ቤታችን ገባ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳ የማድቤቱን ወንበር አነሳች፤ ይዛ ወጣችና ከደጃፉ ውጭ አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ። ደክሞሃል» አለችው። «ውሃ ላምጣልህ። መግባት ግን የለም።»

«በሩ እኮ አልጮኸም... ዘይት ቀብተሽው...»

«በሩን የቀባሁት ለራሴ ነው። ስወጣና ስገባ እንዳይጮህብኝ።»

ውሃውን ያደረስኩለት እኔ ነኝ። ጠጣ፤ ቀና ብሎ አየኝ። «ልጄ ነሽ?» አለኝ። አንድ ሺ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሳልኩት። «ብርጭቆውን ስጠኝ» ብቻ አልኩት። ሰጠኝ። ሻንጣውን አንስቶ ሲሄድ እማዬ ወንበሩን አስገባች፤ ጠራረገችው፤ ተቀመጠችበትና አለቀሰች፤ ከዚያ ክር አስገቢልኝ አለችኝ። ክሩን አስገባሁላት።

መርፌውን ስመልስላት «አንቺስ?» አለችኝ። «ያን ልጅ ደጅ አቁመሽው የለ? ወይ አስገቢው፣ ወይ ወንበር አውጪለት።»

በማግስቱ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሄድኩ። ሺ አፍ እዚያ መነሻ ሰዓት የሚለፍፍ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነትም ከመስታወት ክፍል ውስጥ ማይክ ፊት ተቀምጦ በመኪና ብዛት የሚጮኸውን ግቢ ያረጋጋል። መነፅሩ በሽቦ ታስሯል። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ቀጣዩ መኪና...» ብሎ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«አምጣው» አልኩት። መነፅሩን ነጠቅኩትና ሽቦውን መፍታት ጀመርኩ። «ለምን አልነገርከኝም? ሳዋርድህ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? ያኔ ዋናው ተርጓሚ አጎቴ ነበር፤ ታመመና ማይኩን ሰጠኝ። ቋንቋውን ያኔ አላውቀውም ነበር።»

«አታውቀውም?»

«አንዲት ቃል እንኳ! ሥዕሉን እያየሁ ከሆዴ ነው ያወራሁት። መጨረሻ ላይ ሰውየው ሲያንኳኳ...» ቆም አለ። «እናቴ ለአባቴ አልከፈተችለትም ነበር። ልክ ነበረች። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ እንዲገባ እፈልጋለሁ። በኋላ ቋንቋውን ስማር ምን እንዳደረግኩ ገባኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።»

ቀና ብዬ አየሁት። ያለ መነፅር ዓይኑ ፊቴን ሊያገኝ ይፈልጋል። ቀረብኩለት።

«አባትሽስ መጣ?» አለ።

«እማዬ ወንበር አወጣችለት። ውሃ ጠጥቶ ሄደ።»

«ይሄ በየትኛው ፊልም ነው ያለው?»

«በየትኛውም የለም።»

ሁለታችንም ሳቅን።

«አንቺስ ለምን መጣሽ?» አለ። «አጥርተሽ ንገሪኝ። እኔ መገመት ትቻለሁ።»

«ስለምወድህ ነው» አልኩት። «ልበቀልህ ገብቼ ወደድኩህ። በል፣ ይኸው፤ ደስ ይበልህ!»

*ደስ ይበልህ* የሚለው ቃል ከውጭ ተመልሶ መጣ። ዞርኩ። ግቢው በሙሉ ፀጥ ብሏል። መንገደኛው ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጧል፤ ሾፌሮች በየመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተዋል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ እየሳቀች ነው። ማይኩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል፤ «ቀጣዩ መኪና» ካለ ጀምሮ አልጠፋም ኖሯል።

ሺ አፍ ጣቱን ዘርግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ አጠፋው።

«እያወቅክ ነው!» አልኩት።

«ሕዝብ ፊት አዋርደሽኝ የለ?» አለ፤ ያ የዋህ ፊቱ ውስጥ የተደበቀውን ተንኮለኛ ያን ጊዜ አየሁት። «አሁን እኩል ነን።»

አንዱ ሾፌር ጡሩምባ ነፋ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እልልታ ይሁን ስድብ ያልለየለት ጩኸት ሲያልፍ መነፅሩን ዓይኑ ላይ አደረግኩለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየኝ ያን ቀን ነው አለኝ።

ዛሬ አንድ ቤት ነን። ፊልም ቤቱም ዘበኛ የሚመስሉት ሴቶች ሲሰለቹት ለምኖ መልሶታል፤ ያን ፊልም የሚመርጥ ሰው ግን ሁለቱንም መጨረሻ በየተራ ይሰማል። በሁለቱም የሚያለቅሱ አሉ። በስምምነታችን መሠረት እኔ አልዋሸውም፣ እሱም ማይክ ከፍቶ አያናግረኝም።

በግራ በኩል ያለችውን ብሎን ግን እስካሁን አላጠበቅኳትም።